አያቴን የሰደብኩበት ቃል

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ «ስለምትወዱት ሰው ጻፉ» ተባልን። በእንግሊዝኛ ነው። እኔ አያቴን መረጥኩ። አያቴን የሚያውቃት ሁሉ በደግነቷ ነው የሚያነሳት። «ታዋቂ» ለማለት «ፌመስ» አለልኝ፤ ግን ቀለለብኝ። ፌመስማ ማንም ያውቀዋል። መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ «ኖቶሪየስ» የሚል አገኘሁ። ፊት ለፊቱ «በጣም የታወቀ» ይላል። ደስ አለኝ። «አያቴ በደግነቷ ኖቶሪየስ ናት» ብዬ ጻፍኩና አስረከብኩ።

ወረቀቱ ሲመለስ ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ «አያትህ ምን አጥፍተው ነው?»

ኖቶሪየስ የሚባለው በክፉ ሥራው ስሙ የወጣ ሰው ነው። ሌባ፣ አጭበርባሪ፣ አምባገነን። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸኝም፤ እንዲህ ያለ ሰው በእርግጥ በጣም የታወቀ ነው። በምን እንደታወቀ ግን አልነገረኝም።

ያን ጊዜ የቃላት ደብተር ነበረኝ። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው፣ መሐል ላይ በማስመሪያ የተሰመረ መስመር። በሦስት ወር ስምንት መቶ ያህል ቃል ሞላሁበት። አዛምድ የሚል ፈተና ሲመጣ አንደኛ ነበርኩ። ዓረፍተ ነገር ሥራ ስባል ግን ስምንት መቶውም ይጠፉኛል። የሚመጡልኝ ያው «ጉድ»፣ «ባድ»፣ «ቬሪ» ናቸው።

ዛሬ የምተዳደረው በትርጉምና በአርትዖት ነው። በቅርቡ ታናሽ እህቴ መሐሉ ላይ የተሰመረበት ደብተር ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ አጥንቼዋለሁ፤ ጠይቀኝ» አለችኝ። ጠየቅኳት። ሁሉንም መለሰች። «በይ በአንዱ ስለ እኔ አንድ ነገር ጻፊ» ስላት ዝም አለች። ከታች የምታነቡት ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን የሠራነው ነው።

የትኛውን ቃል?

መጀመሪያ ያደረግነው ከደብተሯ መሰረዝ ነበር። ግማሽ ያህሉን ሰረዝን። አለቀሰች ማለት ይቀለኛል።

ኢዛቤል ቤክ የተባለች አሜሪካዊት የንባብ ትምህርት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ቃላትን በሦስት ደርብ ትከፍላቸዋለች። ምድር ቤቱ ላይ ማንም በየቀኑ የሚናገራቸው አሉ፤ ጠረጴዛ፣ መሮጥ፣ ደስታ የመሳሰሉት። ላይኛው ደርብ ላይ የየሙያው ቃላት አሉ፤ ፎቶሲንተሲስ ባዮሎጂ ክፍል እንጂ ሌላ ቦታ ብዙ አይገኝም። መካከለኛው ደርብ ግን በልብ ወለዱም፣ በታሪኩም፣ በጋዜጣውም የሚገኙ ቃላት ናቸው፦ ሪላክታንት፣ ኢነቪተብል (የማይቀር)፣ ኮንትራስት (ተቃርኖ)፣ አምቢጉየስ (አሻሚ)። ብዙ ተማሪ የሚጎድለው ይሄ ነው። ጊዜያችሁንም እዚህ ላይ አፍስሱት።

የሥነ ጽሑፍ ቃላት፣ ማለትም ሜታፎር (ተለዋጭ ዘይቤ) እና አይረኒ (ምፀት) የሚባሉት፣ ላይኛው ደርብ ላይ ናቸው። ጥቂት ናቸው። ሠላሳ አርባ ቢሆኑ ነው። የሚያዙበትም መንገድ ሌላ ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ሁለቱን በአንድ ደብተር፣ በአንድ ዘዴ ማጥናት ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ለመካከለኛው ደርብ መነሻ ለሚፈልግ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ። 570 የቃል ቤተሰቦች አሉት። ቤተሰብ ሲባል አናላይዝ፣ አናሊሲስ፣ አናሊስት፣ አናሊቲካል ሁሉም እንደ አንድ ይቆጠራሉ ማለት ነው። ዝርዝሩን ግን ከላይ እስከ ታች አትሸምድዱት። ስታነቡ ያገኛችሁት ቃል እዚያ ውስጥ ካለ «ይሄ ይጠቅመኛል» ለማለት ተጠቀሙበት።

የእኔ ደንብ ይህች ናት። ስታነቡ የማታውቁትን ቃል በእርሳስ አስምሩና እለፉ። ያው ቃል ለሁለተኛ ጊዜ ሌላ ቦታ ሲመጣባችሁ ያዙት። አንዴ ብቻ የመጣ ቃል፣ የንባቡን ሐሳብ ካልዘጋባችሁ በቀር፣ ይሂድ። በሳምንት ከአሥር በላይ አትያዙ። አሥር ትንሽ ይመስላል። የእኔን ስምንት መቶ አስታውሱ።

ለአንድ ቃል አንድ ገጽ

ትርጉም ብቻ መጻፍ የሰው ስም ብቻ እንደ መያዝ ነው። ስሙን አውቃችሁ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ምን እንደሚያስቆጣው ካላወቃችሁ ሰውየውን አታውቁትም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ትንሽ ገጽ ስጡት። ገጹ ላይ አራት ነገር ይግባ፦ ድምፁ፣ ጓደኞቹ፣ ክብደቱና የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር።

ከድምፁ ልጀምር፤ ምክንያቱም የተዋረድኩበት ነው። ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳነብ ግነት የሚባለውን ዘይቤ ስም «ሃይፐር ቦል» ብዬ አነበብኩት። የሆነ የዋንጫ ጨዋታ አስመሰልኩት። ትክክለኛው «ሃይፐርቦሊ» ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስሜ «ቦል» ሆኖ ቀረ። «ኤፒቶሚ» የሚባለውንም «ኤፒቶም» የሚለው ብዙ ነው። «ሲሚሊ» ደግሞ ሲጻፍ «ስማይል» ይመስላል፤ ብዙ ልጅ በፈገግታ ያነበዋል። የእንግሊዝኛ ፊደል አይታመንም።

የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውላል። አጠገቡ «ሃይፐርቦሊ» ብላችሁ በፊደላችን ከጻፋችሁ በኋላ አትሳሳቱም። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። እንግሊዝኛ አንዱን ክፍለ ቃል ይጫነዋል፣ ሌላውን ያላላዋል። ፊደላችን ይህን አያሳይም። ስለዚህ የሚጫነውን ፊደል ከሥሩ አስምሩበት። «ሃይፐርቦሊ» ላይ «ፐ» ነው የሚጫነው። «ፎቶግራፍ» ላይ «ፎ» ነው፤ «ፎቶግራፈር» ሲሆን ግን ጫናው ወደ «ቶ» ይሄዳል። የስልክ መዝገበ ቃላት ላይ የድምፅ ማጉያ ምልክት አለች፤ ተጫኗት፣ ስሙ፣ ድገሙ፣ አስምሩ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ጓደኞቹ ያልኩት ቃሉ ከነማን ጋር እንደሚሄድ ነው። ዝናቡ «ሄቪ» ነው፣ ነፋሱ «ስትሮንግ» ነው። ሁለቱን ብታቀያይሩ ሰው ይገባዋል፤ ግን ጆሮው ላይ ይሻክራል። በአማርኛ ውሳኔ «እንሰጣለን»። ስለዚህ በእንግሊዝኛም «ጊቭ ኤ ዲሲዥን» እንላለን። እነሱ ግን ውሳኔን «ይሠሩታል» እንጂ አይሰጡትም፦ «ሜክ ኤ ዲሲዥን»። ወንጀልም «ኮሚት» ይደረጋል። እነዚህ ጥምረቶች ሕግ የላቸውም። ቃሉን ከነጓደኛው መያዝ ብቻ ነው መድኃኒቱ። «ሪላክታንት» ብላችሁ ብቻውን አትጻፉት፤ ከኋላው «ቱ» እና ግስ እንደሚያስከትል ጨምራችሁ ጻፉት።

ይህን ለማግኘት ለቋንቋ ተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል። ኤ.ኤስ. ሆርንቢ ያዘጋጀው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓን ውስጥ ነው፤ እዚያ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ሎንግማን ደግሞ በ1978 ባወጣው መዝገበ ቃላቱ እያንዳንዱን ቃል 2,000 ገደማ በሚሆኑ ቀላል ቃላት ብቻ ነው የሚፈታው። ከባዱን ቃል በሌላ ከባድ ቃል አይፈታባችሁም። ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹን አንብቡ። ትርጉሙ ሁለተኛ ነው። እኔ ያን ጊዜ የኖቶሪየስን ምሳሌዎች ባነብ ኖሮ ሁሉም ላይ ወንጀለኛ አይ ነበር።

አሁን ወደ ክብደቱ።

እስቲ አማርኛን እዩት። «ሞተ»፣ «አረፈ»፣ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ»። ሦስቱም አንድ ናቸው? አማርኛ የሚማር ሰው መጥቶ «ውሻዬ አረፈ» ቢላችሁ ከንፈራችሁን ትነክሳላችሁ። ሐዘኑ ገብቷችኋል፣ ግን ሳቃችሁ መጥቷል። «አያቴ በደግነቷ ኖቶሪየስ ናት» ሲባል እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው የሚሰማው እንዲሁ ነው።

እንግሊዝኛ በዚህ በኩል ሀብታም የሆነበት ምክንያት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ሕዝቡ ግን በራሱ ቋንቋ ቀጠለ። የተማረው ደግሞ በላቲን ይጽፍ ነበር። ሦስቱ ተቀላቅለው ለአንድ ሐሳብ ሦስት ቃል ተረፈ። መጠየቅን ውሰዱ። «አስክ» የጥንቱ፣ የቤቱ ነው። «ኲዌስቸን» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ ጠበቅ ይላል፣ ጥርጣሬ አለበት። «ኢንተሮጌት» ከላቲን ነው፤ መብራት ፊታችሁ ላይ አብርተው ነው። እናቴ የት አመሸህ ብላ «አስክ» ታደርገኛለች። በእርግጥ አንዳንድ ቀን «ኢንተሮጌት» ማለቱ ይቀርባል።

ከዚህ የሚወጣ ምክር አለ። የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፍ፣ ቴሶረስ የሚባለው፣ አዲስ ቃል መማሪያ አይደለም። ፒተር ማርክ ሮጄ ዝነኛውን ቴሶረስ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1852 ሲሆን፣ ቃላቱን የደረደረው በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ነው። የሚያውቁትን ቃል አፋቸው ላይ ደርሶ ለጠፋባቸው ሰዎች ግሩም ነው። እናንተ ግን ከዚያ ውስጥ የማታውቁትን ቃል አውጥታችሁ ድርሰት ላይ አትለጥፉ። የእኔ አያት ትበቃለች።

ክብደቱን ገጹ ላይ እንዴት ትጽፋላችሁ? እህቴ ቀላል ነገር ፈጠረች። ሙገሳ ከሆነ ወደ ላይ ቀስት፣ ነቀፋ ከሆነ ወደ ታች ቀስት፣ ገለልተኛ ከሆነ አግድም ሰረዝ። «ስሊም» ወደ ላይ፣ «ስኪኒ» ወደ ታች፣ «ቲን» ሰረዝ። ሦስቱም «ቀጭን» ናቸው። «ትሪፍቲ» ቆጣቢ ነው፣ ወደ ላይ። «ስቲንጂ» ቋጣሪ ነው፣ ወደ ታች። ሰውየው አንድ ነው፤ የተለያየው ተናጋሪው ነው።

አማርኛውን ስትጽፉም አትቸኩሉ። «ሪላክታንት» ላይ እህቴ «የማይፈልግ» ብላ ነበር። አይደለም። የማይፈልግ ሰው አይሠራውም። ሪላክታንት የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ያደርገዋል፤ ግን ልቡ የለበትም፣ እየተጎተተ ነው። «የሚያቅማማ» ስላት ፊቷ በራ። እንዲህ ያለ ልክ የሆነ አማርኛ ስታገኙ ቃሉ ከእጃችሁ አይወጣም። ካላገኛችሁ ደግሞ በዓረፍተ ነገር አብራሩት እንጂ በግምት አንድ ቃል አትለጥፉበት።

የመጨረሻው የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ነው። እውነተኛ ነገር ይሁን። «ልጁ ሪላክታንት ነው» ማንንም አያስታውስም። «ወንድሜ ሳህን ለማጠብ ሁልጊዜ ሪላክታንት ነው» ግን፣ እህቴ እንደጻፈችው፣ አይረሳም። እኔም አልረሳሁትም።

ሥር መቆፈር

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት ሲባል አንድ ሥር እንዳላቸው ማንም ሳይነግረን ይሰማናል። እንግሊዝኛም ከላቲንና ከግሪክ የተዋሳቸው ቃላት ላይ እንዲሁ ያለ ሥር አለው። ያው መጻፍ በላቲን «ስክሪብ» ወይም «ስክሪፕት» ነው። ከዚያ ዲስክራይብ፣ ኢንስክሪፕሽን፣ ፕሪስክሪፕሽን፣ ስክሪፕት ይወጣሉ። «ማኑ» ደግሞ እጅ ነው። ማኑስክሪፕት ቃል በቃል የእጅ ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። «ቤኔ» መልካም፣ «ማል» ክፉ። «ዲክት» መናገር፣ «ስፔክት» ማየት፣ «ክሮን» ጊዜ። እንዲህ ያሉ ሃያ ሥሮች ብትይዙ ብዙ በር ይከፈታል።

ሥር ግን ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። «ኢን» ፊት ሲመጣ ብዙ ጊዜ «አይደለም» ማለት ነው። ስለዚህ «ኢንፍላመብል» የማይቃጠል ይመስላል። አይደለም፤ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ማለት ነው። ዕቃ ላይ ይጻፋልና ይህቺን ስህተት ባትሠሩ ይሻላል። በሥሩ ገምቱ፣ ከዚያ አረጋግጡ።

እንዳይረሳ

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጥናት አለ። የተጠናው ሰው እሱ ራሱ ነበር። ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት እየሸመደደ መቼ መቼ እንደሚረሳቸው ለካ። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ብዙው ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየዘገየ ይሄዳል። እኔን ያስደነገጠኝ «ትርጉም የሌላቸው» የሚለው ነው። ጓደኛም ክብደትም የሌለው የቃል ዝርዝር ከዚያ በምን ይለያል?

ሌላው እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ ያወጡት ሙከራ ነው። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንዴ አንብቦ፣ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ደጋግሞ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ ያህል ሲያስታውሱ፣ ያነበቡት 40 በመቶ ላይ ቀሩ። ደብተር ማገላበጥ ያጠናን ያስመስላል እንጂ አያስጠናም።

ስለዚህ ገጻችሁን ሸፍኑና ራሳችሁን ጠይቁ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ብቻ ሳይሆን ከአማርኛው ተነስታችሁም ጠይቁ፤ ስትጽፉ የሚያስፈልጋችሁ ያ ነው። በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ ከዚያ በወሩ። ካርድ የሚወድ ሰው ሴባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀውን የሣጥን ዘዴ ይሞክር። የመለሳችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ የሳታችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የጫማ ካርቶን ይበቃል። በስልክ የሚሠሩም አሉ። እኔ ካርቶኑን እመርጣለሁ፤ ስልክ ከከፈትኩ ሌላ ነገር ሳይ ነው የማመሸው።

የምታውቁት ነገር የእንግሊዝኛ ስም

አሁን ወደ ሥነ ጽሑፍ ቃላቱ። እዚህ ላይ ተማሪ የሚፈራው አዲስ ነገር የሚማር ስለሚመስለው ነው። አይደለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ ያደገ ሰው ስለ ድርና አንበሳ እንደማይወራ ያውቃል። ነገሩ እናንተ ጋ አለ። የምትማሩት ስሙን ነው።

ስለዚህ እነዚህን ከእንግሊዝኛ ትርጓሜያቸው ሳይሆን ከአማርኛ ስማቸው ጀምሩ። ሲሚሊ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፣ ሜታፎር ተለዋጭ ዘይቤ፣ ፐርሶኒፊኬሽን ሰውኛ፣ ሃይፐርቦሊ ግነት። ፎርሻዶዊንግ ንግር፣ ፍላሽባክ ምልሰት፣ ሰስፔንስ ልብ ሰቀላ ነው። ልብ ሰቀላ! ከእንግሊዝኛው አይሻልም? ሴቲንግ ደግሞ መቼት ነው። መቼት ከ«መቼ» እና ከ«የት» የተሠራ ቃል ነው። ይህን ያወቀ ተማሪ ፈተና ላይ ስለ ሴቲንግ ሲጠየቅ ቦታውን ብቻ ጽፎ ጊዜውን አይረሳም። ፓራዶክስ አያዎ ነው፤ «አይ» እና «አዎ» በአንድ ላይ።

የእንግሊዝኛዎቹም ስሞች ውስጣቸው ሥዕል አለ። ሜታፎር በግሪክ «ማሻገር» ነው፤ የአንዱን ነገር ባሕርይ ወደ ሌላው ታሻግራላችሁ። ሃይፐርቦሊ «አሳልፎ መወርወር» ነው። ኦክሲሞሮን ከ«ስል» እና ከ«ደነዝ» የተገጠመ ነው፤ ስሙ ራሱ ኦክሲሞሮን ነው። የምወደው ግን «ፎይል» ነው። ከዋናው ገጸ ባሕሪ ተቃራኒ ሆኖ የእሱን ባሕርይ የሚያጎላ ገጸ ባሕሪ ፎይል ይባላል። ቃሉ የመጣው ከጌጥ ሠሪዎች ነው። ዕንቁው እንዲያበራ ከሥሩ ስስ የብረት ቅጠል ያደርጉ ነበር። ያ ቅጠል ነው ፎይል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ትርጓሜውን አጥንቼው አላውቅም።

የሚምታቱት ጥቂት ናቸውና እነሱ ላይ ቆም እንበል።

አይረኒ ከሁሉ ይበልጣል። በአማርኛ ምፀት ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው የንግግሩን ብቻ ነው፤ ውጭ ዶፍ እየወረደ «እንዴት ያለ ውብ ቀን ነው!» እንደሚለው። እንግሊዝኛ ክፍል ግን ሦስት ነው። ይሄኛው ቨርባል ነው። ሁለተኛው ሲቹዌሽናል ይባላል፤ የሆነው ከተጠበቀው ተቃራኒ ሲሆን ነው። የእሳት አደጋ ጣቢያው ራሱ ሲቃጠል እንደ ማለት። ሦስተኛው ድራማቲክ ነው፤ ተመልካቹ ያወቀውን ገጸ ባሕሪው አያውቅም። ሌባው ቁም ሣጥን ውስጥ መደበቁን እኛ አይተናል። እሷ ግን «እፎይ፣ ቤቴ ገባሁ» ብላ በሯን ከውስጥ ትቆልፋለች። ገጠመኝና መጥፎ ዕድል ግን አይረኒ አይደሉም። በሠርግ ቀን ዝናብ መዝነቡ ያሳዝናል እንጂ አይረኒ አይሆንም፤ ሙሽራው የአየር ትንበያ ባለሙያ ሆኖ ቀኑን እሱ ራሱ ካልመረጠው በቀር።

«ይሄማ የእኛ ሰምና ወርቅ ነው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ይቀራረባል፣ አንድ ግን አይደለም። ምፀት የተናገረውን ገልብጦ ነው የሚፈልገው። ሰምና ወርቅ አይገለብጥም፤ ሁለት ትርጉም ይደርባል። «ወርቁ ጠፋ» ሲባል ሰውየው ነው ወይስ ጌጡ? ይህ በአንድ ቃል ሁለት ፍቺ ለሚጫወተው ለእንግሊዝኛው «ፐን» ነው የሚቀርበው።

ኦክሲሞሮንና ፓራዶክስን በመጠን ለዩአቸው። «የሚጮህ ዝምታ» ብሎ ሁለት ተቃራኒ ቃላት ጎን ለጎን ካቆመ ኦክሲሞሮን ነው። «ባወቅሁ ቁጥር አለማወቄ ይታየኛል» ብሎ ሙሉ ሐሳብ ከተናገረ ፓራዶክስ ነው።

ቶንና ሙድ። ቶን ድምፀት ነው፤ ጸሐፊው ለነገሩ ያለው አመለካከት። ሙድ አንባቢው ላይ የሚያርፈው ስሜት ነው። እዚህ ላይ የእኛ የከተማ አማርኛ ያሳስታል። «ሙድ ያዘብኝ» ስንል ቀለደብኝ፣ አሾፈብኝ ማለታችን ነው። ያ እንግዲህ በእንግሊዝኛ ክፍል ሙድ ሳይሆን ቶን ነው። እህቴ ይህን ከሰማች ወዲህ አልተሳሳተችም።

ፕሮታጎኒስት ደግሞ ጀግና ማለት አይደለም። ዋናው ገጸ ባሕሪ ማለት ነው። ክፉም ሊሆን ይችላል።

ስሙን ካወቁ በኋላስ?

ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ብዙ ተማሪ ዘይቤውን ያገኛል፣ ስሙን ይጠራል፣ ይቆማል። አንድ ዓረፍተ ነገር ልፍጠር፦ «አሮጌው በር እንደገና አቃሰተ።» ደካማው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ጸሐፊው ሰውኛ ዘይቤ ተጠቅሟል። ይህም ጽሑፉን ማራኪ አድርጎታል።» ይህ መልስ ለየትኛውም ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ለዚህ ነው ምንም ያልተናገረው።

አሁን ይህን እዩ፦ «በሩን እንደሚያቃስት ሰው ማቅረቡ ቤቱ ራሱ የታመመ ያስመስለዋል። ‹እንደገና› የምትለው ቃል ደግሞ ሕመሙ ዛሬ የጀመረ እንዳልሆነ ትጠቁማለች።» እዚህ ስም አለ፣ ከጽሑፉ የተነቀሰ ቃል አለ፣ ያ ቃል የሚሠራው ሥራ አለ። ሦስቱ ካልተሟሉ አንቀጹን አትዝጉ። እንዲያውም ስሙን ብትረሱና የቀሩትን ሁለቱን ብትጽፉ ይሻላችኋል እላለሁ። አስተማሪዎቻችሁ ላይስማሙ ይችላሉ።

የተማራችኋቸው የመካከለኛው ደርብ ቃላትም ሥራ የሚያገኙት እዚህ ነው። «ሾው» እያላችሁ አሥር ጊዜ አትድገሙ። ፍንጭ ሲሰጥ «ሰጀስት»፣ ስሜት ሲቀሰቅስ «ኢቮክ»፣ ሲያሰምርበት «አንደርስኮር» በሉ። «ኢምፕላይ» እና «ኢንፈር» ላይ ተጠንቀቁ፤ ጸሐፊው ኢምፕላይ ያደርጋል፣ ማለትም ሳይናገር ይጠቁማል፤ አንባቢው ኢንፈር ያደርጋል፣ ማለትም ከጥቆማው ተነስቶ ይረዳል። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይቀልባል።

ክፍል ውስጥ አፋችሁን ስለ መክፈት የምለው አጭር ነው። የያዛችሁትን ቃል በሁለት ቀን ውስጥ አንዴ ጮክ ብላችሁ ተጠቀሙበት። ይሳቅባችሁ ይሆናል። እኔ «ቦል» ተብዬ ዓመት ከርሜያለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው መካከል ግን ያን ቃል ዛሬም በትክክል የሚጠራው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

እህቴ ባለፈው ሳምንት ገጾቿን ይዛ መጣች። ያን ቀን ያልቻለችውን ስለ እኔ ጽፋልኛለች። «ወንድሜ ስተበርን ነው» ይላል። ግትር ማለት ነው፤ ቀስቱ ወደ ታች።

«‹ፐርሲስተንት› ለማለት ፈልገሽ ነው አይደል?» አልኳት። እሱ ታታሪ፣ ተስፋ የማይቆርጥ ነው፤ ቀስቱ ወደ ላይ።

«አይደለም ጋሼ» አለችኝ። «ሁለቱንም መዝኛቸዋለሁ።»